ሦስት ማለዳ ለ21 ኪሎ ሜትር

«ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ እዚህ ለመሮጥ ደግሞ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በዚህ ሰሞን ከአሥር አያንስም። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ለግማሽ ማራቶን ከአዲስ አበባ ሊመጣ ያሰበ ዘመድ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ትርፍ ትንፋሽ ይዞ የሚመጣ ይመስለዋል። ሌላው የእኛው ሰፈር ሰው ነው። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይንሸራሸራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ይነዳል፣ «ከዚህ እዚያ ነው እኮ!» ይላል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። አየሩ ከአዲስ አበባው አየር ለሳንባ ይቀላል፤ ፀሐዩ ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይወስደዋል። ሐይቁ ደግሞ የከተማዋ ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ ጀርባችሁን ሰጥታችሁት በሮጣችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየወጣችሁ ነው። ለዓይን ሜዳ የሆነ አስፋልት ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ለእግር ሜዳ መሆኑ ይቀራል። ርቀቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ከሀዋሳ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ አብዛኛውን በእግር መሮጥ እንደማለት ነው።

ከተማችን ለሩጫ እንግዳ አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኃይሌ ገብረሥላሴ ስም የተሰየመ ሙሉ ማራቶን እዚሁ ተሩጧል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ግማሽ ማራቶን፣ አጠር ያለ የሕዝብ ሩጫና የልጆች ውድድር ይዞ ወደ ሐይቃችን ሲመጣ አይተናል። እንዲህ ባለው ቅዳሜና እሁድ መኪናው ሁሉ ቤተሰብ ጭኖ ይመጣል። የተለመደው የቤተሰብ አከፋፈል ደግሞ ይታወቃል፤ አባት 21 ኪሎ ሜትሩን፣ እናትና ልጆች አጭሩን።

በእኛ ቤት ዘንድሮ ተገልብጧል። ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር አጭሩን ይሮጣል፤ ረጅሙ የእኔ ነው። ይህን ለፉክክር አላደረግነውም። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ በ58 ዓመቱ የቀኝ እግሩን ሁለት ጣቶች አጣ፣ ቀጥሎም ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን በሙሉ። እኔ 43 ዓመቴ ነው። ዓምና የተመረመርኩት ደም «ድንበር ላይ ነሽ» የሚል ውጤት ይዞ መጣ። ሐኪሜ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት የስድስት ወር ዕድል ሰጠችኝ፦ ክብደት ልቀንስ፣ ልንቀሳቀስ። እንቅስቃሴ ግን ቀጠሮ ካልያዙለት አይመጣም። የውድድር ቀን ማለት ለእኔ ሊሰረዝ የማይችል ቀጠሮ ነው።

ታዲያ ዝግጅቱን የጀመርኩት ከሜዳው ሳይሆን ከታቦር ነው።

ታቦርን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሐይቁ አጠገብ ብቻዋን የቆመች ኮረብታ ናት። የሀዋሳ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ይዞት የሚወጣው ወደዚያ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ በአንድ በኩል ከተማዋ ከነዘንባባዎቿ ተዘርግታለች፣ በሌላ በኩል ሐይቁ። ገና ሲነጋ የዓሳ አጥማጆቹ ጀልባዎች ወደ አሞራ ገደል ሲመለሱ ይታያሉ። አባ ኮዳዎቹም በቀጭን እግራቸው ተገትረው ውጤት እንደሚመዘግብ ዳኛ ይጠብቋቸዋል። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ደግሞ በደቡብ በኩል አላሙራ አለላችሁ። እሱ ግን ለጀማሪ አይደለም፤ እኔም እስካሁን የወጣሁት በእርምጃ ብቻ ነው።

ሩጫዬ አስፋልት ላይ ሆኖ ሳለ ኮረብታ ለምን? ምክንያቱ አቀበት ሰውን በግድ ስለሚያዘገየው ነው። ሜዳ ላይ ጀማሪ ሰው ሁሉ ይፈጥናል። አልፎት የሄደውን ወጣት ያያል፣ ሙዚቃው ይገፋዋል፣ በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ይቃጠላል። አቀበት ላይ ግን ትዕቢት ቦታ የላትም። እግር ያጥራል፣ ትንፋሽ ይጮኻል፣ ወይ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ ወይ ትቆማላችሁ። ጭንና መቀመጫ ይጠነክራሉ፤ እንደ ፍጥነት ልምምድ ግን መገጣጠሚያን አይደበድብም፣ ምክንያቱም ሽቅብ ስትሮጡ እግራችሁ መሬቱን የሚመታው ከአጭር ከፍታ ነው። ጉልበቷን ለምትፈራ የ40 ዓመት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አቀበት ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስባለሁ፦ እርምጃዬን ማሳጠር፣ እጄን ማወዛወዝ፣ ዓይኔን ከጫፉ ላይ አንስቼ ከፊቴ ያለውን አሥር ሜትር ማየት። ፍጥነቴን በሰዓት አልለካውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ከቻልኩ ልክ ነው፤ ካቃተኝ እራመዳለሁ። መራመድን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው፤ ቁልቁለት ያለበት 21 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግን አቀበቱን በፈጣን እርምጃ የወጣ ሰው፣ እየተንገዳገደ ሮጦ የወጣውን ከላይ ሲደርስ ያገኘዋል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ይህን በትልቁ መድረክ ያየነው በፓሪስ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የተካሄደው የኦሊምፒክ ማራቶን በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ መንገድ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ዳገቱ ከመቶ 13.5 ይደርስ ነበር። ታምራት ቶላ ከመነሻው ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ነው። ከሌሎቹ ተነጥሎ የሄደው ደግሞ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ባለው ከባዱ አቀበት አካባቢ ነበር። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ቀጥ ያለ ሜዳ ቢሆን ብዙ ሰው ይዞት ይቆይ ነበር እላለሁ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ውድድር የወሰድኩት ጀግንነቱን ብቻ አይደለም፤ ከባዱ ቦታ እስኪመጣ ድረስ ከቡድኑ ጋር ተደብቆ መቆየቱን ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ፋጡማ ሮባ አለች። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ፣ ወጣ ገባ በበዛበትና ወበቅ ባለው መንገድ፣ ከተከታይዋ ሁለት ደቂቃ ቀድማ ገብታ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። አቀበትና ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያሳየች የአርሲ ልጅ ናት።

ከአቀበቱ ይልቅ ሰው የሚረሳው ቁልቁለቱን ነው። ትንፋሽ ስለሚቀል «አሁን አረፍኩ» እንላለን። ጡንቻው ግን ያኔ ነው የሚጎዳው። ቁልቁል ስንሮጥ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፤ ፍሬን እንደሚይዝ መኪና ነው። በማግስቱ፣ ይልቁንም በሁለተኛው ቀን፣ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በልኩ ቁልቁል የሮጠ እግር ለሚቀጥሉት ሳምንታት ጉዳቱ ይቀንስለታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከታቦር በእርምጃ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ግማሹን በዝግታ እየሮጥኩ። አሁን ሙሉውን። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ተረከዝ ከፊት ሳይወረወር። ዝናብ ከዘነበ ግን አልወርድም፤ ጭቃው ላይ መንሸራተት ከሐኪም ቤት ወረፋ ጋር ያገናኛል።

ጥፍራችሁንም ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ አውራ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ነው። ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ ሄዳችሁ ለኩ፤ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። የሳልባጅ ጫማ የምትገዙ ከሆነ ሶሉን በሁለት እጅ አጥፉት። ከመሃል እንደ ወረቀት ከታጠፈ ተዉት፤ መታጠፍ ያለበት ከጣቶቹ ሥር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ። ከታቦርም ከአላሙራም የሚከብደው ማለዳውን ማግኘት ነው። በእኛ ቤት ሦስት ልጆች፣ ሁለት የሥራ ሰዓት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት አለ። ለባለቤቴ «በሳምንት ሦስት ማለዳ እፈልጋለሁ» ስለው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጸጉራቸውን ማን ይሠራል?» ብሎ ነው። ስለ ሴት ልጆቻችን ነው የሚያወራው። ሁለት ቀን ተወያየን፤ እውነቱን ለመናገር አንዱን ቀን ተጣላን። መጨረሻ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ እሱ ቁርስ ይሠራል፣ ጸጉር ማታውኑ ተሠርቶ ያድራል፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት ማንም አይጠራኝም። በምትኩ ረቡዕና ዓርብ ማታ የእሱ ናቸው፤ ኳስም ይይ፣ ጓደኞቹ ጋም ይሂድ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈን ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። በቃል የተሰጠ ማለዳ ሁለት ሳምንት አይቆይም፤ የተለጠፈው ይኸው አሥረኛ ሳምንቱን ይዟል።

እናቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «ምን ጎደለሽና ነው በጠዋት የምትሮጪው? ሰው ምን ይላል፣ ልጄ?» ትላለች። የአባቴን እግር ሳነሳባት ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ስመለስ በሶ በጥብጣ ትጠብቀኛለች፤ ስለ ሩጫው ግን አታወራም።

ሳምንቴ ይህን ይመስላል። ማክሰኞ በሐይቁ ዳር 40 ደቂቃ፣ እያወራሁ መሮጥ በምችልበት ፍጥነት። ሐሙስ ታቦር፦ ሩብ ሰዓት ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ሽቅብ፣ በእርምጃ ቁልቁል፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ አሁን አሥር። ቅዳሜ ረጅሙ። ከ6 ኪሎ ሜትር ተነስቼ በየሳምንቱ አንድ አንድ ስጨምር ቆይቼ፣ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቀንሼ እያረፍኩ፣ አሁን 14 ደርሻለሁ። ከውድድሩ በፊት የምደርስበት 18 ነው፤ ቀሪውን ሦስት ኪሎ ሜትር የዕለቱ ሕዝብ ይጨምርልኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት «ልሞክረው» ብሎ 20 ይሮጣል። በዚያ ሳምንት የሚገኝ ጉልበት የለም፤ የሚጠፋ ብቻ።

ብቻዬን አልሮጥም። ገና ጨለማ ሳለ መውጣት ለሴት ቀላል አይደለም፤ ውሻውም፣ ያለ መብራት የሚሄደው ባጃጅም አለ። ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼና አንዲት ጎረቤቴ አብረውኝ አሉ። 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ስትወጣ ነው ሽቅብ የምንጀምረው፣ ከዚያ በፊት መብራት ባለበት አስፋልት ላይ እንሟሟቃለን። ጎረቤቴ በረመዳን ሰዓቷን ቀይራ ከማፍጠሪያው በፊት አጭር እርምጃ ብቻ ታደርግ ነበር፤ ረጅሙን ካፈጠረች በኋላ። እኛም በሁዳዴ የሐሙሱን ታቦር ወደ አመሻሽ፣ ምግብ ከቀመስን በኋላ አዙረነዋል። ባዶ ሆድና ጥማት ይዞ አቀበት መውጣትን ግን አንዳችንም አንመክርም።

ስለ ምግብ ብዙ ተአምር አይጠበቅ። የአገራችን ሯጭ በበሶ የኖረ ነው። ከሩጫ በፊት በሶ ወይም ሙዝ፣ ወይም ዳቦ በማር፤ ከሩጫ በኋላ ጥሩ ምሳ። እዚህ ሆነን ደግሞ ዓሳ አለልን። በጾሙም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ለውዙ በቂ ነው። ለውድድሩ ቀን ያልሞከራችሁትን ነገር አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ፤ ከውጭ አገር የመጣ ጣፋጭ ጄልም ቢሆን።

ውሃን በተመለከተ ሁለቱም ጽንፍ ያሳምማል። የሀዋሳ ፀሐይ ሦስት ሰዓት ካለፈ ቀልድ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የምትመጡ፣ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቀድማችሁ መምጣት ካልቻላችሁ እዚያው በቀትር አጭር አጭር ሩጫ ልመዱ፤ በውድድሩ ቀን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ከምታስቡት በላይ ቀስ በሉ። በየጣቢያው ጥቂት ተጎንጩ፣ የተረፈውን አናታችሁ ላይ አፍስሱ። ግን ሳይጠማ በግድ ሊትር ሊትር ውሃ መጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ሰው ይጥላል። ቀስ ብለው የሚሮጡና ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ የሚቆዩ ሰዎች ናቸው በዚህ የሚያዙት፤ እንደኔ ያሉት ማለት ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «ጉልበቴን እንዳያመኝ» ብሎ ከመነሻው በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው አውቃለሁ፤ ከአንድም ሁለት ሦስት። በሙቀት፣ ላብ እየጎረፈ፣ ይህ ኩላሊትን የሚጎዳ ነገር ነው። ሕመሙ ያለ ክኒን የማያስሮጥ ከሆነ የዚያን ቀን መልሱ አለመሮጥ ነው።

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ፤ ሩጫ ስኳርን ሊያወርደው ስለሚችል ልኩ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፣ አብሯችሁ የሚሮጠው ሰውም ይወቅ። ማታ ማታ እግራችሁን ከላይም ከታችም፣ በጣቶቹ መሃልም እዩ። ውኃ የቋጠረ ነገር፣ የተላጠ ቦታ፣ የቀላ ነገር ካለ ሳያመረቅዝ አሳዩት። አባቴ የመጀመሪያዋን ቁስል አላመመችውም፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ወስዶት ነበርና። ካልሲው ላይ ደም አይቶ ነው ያወቀው። እኔ አሁን ድንበር ላይ ብቻ ነኝ፤ ያም ሆኖ ከሩጫ መልስ የመኝታ ቤቱን መብራት አብርቼ እግሬን የማየው ነገር ልማድ ሆኗል። ትንሿ ልጄም አብራኝ ታያለች፤ በስልኳ መብራት እያበራች «ይቺ ምንድናት?» ትላለች። እስካሁን ያገኘችው የወባ ትንኝ ንክሻ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የደም ምርመራዬ ከውድድሩ አሥር ቀን በፊት ነው። ቁጥሩ ምንም ይሁን እሮጣለሁ፤ ሐኪሜም ተስማምታለች። የቤቱ ሌላ ዕቅድ ደግሞ አልቋል። ባለቤቴና ልጆቹ አጭሩን ጨርሰው 18ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጥላ ካለበት የመንገዱ ዳር ይቆማሉ። እናቴ ትመጣ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን በሶውን ስታቀብለኝ፣ «እዚያ የምንቆምበት ቦታ ወንበር ይኖር ይሆን?» አለችኝ።